የቆቦ ሙቀትና የሃይላንዱ ቤንዚን

ከደሴ የተነሳነው ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ነው። ውጫሌንና መርሳን አልፈን ወልድያ ቁርስ በላን፤ አላ ውሃን ተሻግረን ወደ ጎብዬ ስንወርድ ሹፌሩ ራሱ «መስኮት ክፈቱ» አለ። ደገኛው ሁሉ ጋቢውን ማጠፍ ጀመረ። ከወልድያ እስከ ቆቦ ያለው መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ በግንቦት ግን ከአንድ አገር ወደ ሌላ አገር የተሻገሩ ይመስልዎታል። ሮቢትን ሲያልፉ ሜዳው ይዘረጋል፤ በስተምሥራቅ የዞብል ተራሮች በሙቀቱ ጭጋግ ውስጥ ሰማያዊ ሆነው ይታያሉ። መሬቱ ታርሶ ዝናብ ይጠብቃል። መስኖ የደረሰው ቦታ ላይ ደግሞ ሽንኩርት አለ፤ የውሃ መሳቢያው ሞተር ድምፅ ከመንገድ ይሰማል።

ይህን ሜዳ በወጣትነቴ አውቀዋለሁ። ነርስ ሆኜ ከተመረቅሁ በኋላ ጥቂት ዓመታት የሠራሁት እዚሁ አካባቢ ነው። ራያ በማሽላው፣ በነሐሴ በሚጨፈረው ሶለልና በልጃገረዶቹ ሹሩባ ይታወቃል፤ ለእኛ ለጤና ሠራተኞች ግን በመጀመሪያ የሚታወቀው በወባ ነው። በአገራችን ወባን የማጥፋት የሙከራ ሥራ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከተጀመረባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ የቆቦና የጨርጨር ሜዳ ነበር። እኔ ስመጣ ያ ሁሉ አልፎ ወባው ግን አላለፈም ነበር። ክትባት ይዘን ወደ ገጠር የምንወጣው በያማሃ ሞተር ነው፤ የክትባቱ ሳጥን ከኋላ ይታሰራል፣ እኔም ነጠላዬን አጥብቄ ከሾፌሩ ጀርባ እቀመጣለሁ። ያኔ ቤንዚኑ ውስጥ ዘይት እየቀላቀልን ስንቀዳ ስለ ኦክቴን የሚያወራ ሰው አልነበረም።

አሁን የሚያወራው የእህቴ ልጅ ነው። ቆቦ ላይ በሞተር ሰውና ዕቃ እያመላለሰ ሚስቱንና የሦስት ዓመት ልጁን ያስተዳድራል። በደረስኩበት ቀን ማታ ቡና ተፈልቶ ስንቀመጥ ስለ ጤናዬ ከጠየቀኝ በኋላ ወዲያው ወደ ሞተሩ ገባ።

«አክስቴ፣ ሞተሬ ዳገት ላይ ይንኳኳብኛል። የማደያው ቤንዚን ደካማ ነው። እኔ አሁን 95 ነው የምቀዳለት።»

«95 ምንድን ነው?» አልኩት።

ጅዳ ያለው ጓደኛው ነግሮታል። በሳዑዲ ማደያዎች ከሚሸጠው ቤንዚን አረንጓዴው 91፣ ቀዩ 95 ነው፣ ውድ መኪና ያለው ቀዩን ይቀዳል። እዚህ ደግሞ አንድ የመንገድ ዳር ሻጭ ቀላ ያለ ቤንዚን አምጥቶ «ይኸው 95፣ የጅቡቲ» ብሎ ከማደያው ዋጋ በብዙ ብር አስበልጦ ይሸጥለታል። ማደያው ደጃፍ ሌሊት ተሰልፎ ከማደር ይሄ ይሻላል ባይ ነው። በሰልፉ አልፈርድበትም። ቤንዚን ሲጠፋ የሚጠፋው የቀኑ እንጀራ ነው፤ ከማደያ ውጭ መሸጥ በሕግ መከልከሉን እያወቀ የሚገዛውም ለዚሁ ነው።

በማግስቱ ወደ መካኒኩ አብሬው ሄድኩ። መካኒኩ ጎልማሳ ነው፣ ረጋ ያለ። «ሲስተር፣ እናቴን የወባ ክኒን የሰጧት እርስዎ ሳይሆኑ አይቀሩም» አለኝና በርጩማ አቀረበልኝ። ከዚያ ነገሩን ለእኔም እንዲገባኝ አድርጎ አስረዳን።

ኦክቴን ማለት የቤንዚን ጉልበት አይደለም። ሞተር ውስጥ ፒስተኑ ቤንዚንና አየሩን ጠቅጥቆ ሲጨምቀው ይሞቃል፤ መቀጣጠል ያለበት ግን ካንዴላው ብልጭ ሲል ነው። አንዳንዱ ቤንዚን ጭመቃውን መቋቋም ያቅተውና በራሱ ጊዜ ይፈነዳል። ያ ነው ኳኳታው። እኔ በሙያዬ ቋንቋ ያለ ወሩ የመጣ ምጥ ብዬ ተረዳሁት። ቁጥሩ ከፍ ሲል የቤንዚኑ ትዕግሥት ይጨምራል እንጂ ሞተሩ አይፈጥንም። ብዙ ለሚጨምቅ ሞተር ከፍ ያለው ያስፈልገዋል፤ ለታክሲ ሥራ የሚሆኑት ትናንሽ የህንድ ሞተሮች ግን ያን ያህል አይጨምቁም። የልጃችንን ሞተር መመሪያ መጽሐፍ ገልጠን አየነው፦ «91 ወይም ከዚያ በላይ» ይላል። ቁጥሩ በየአገሩ የሚለካበት መንገድ ስለሚለያይ አሜሪካ ያለ ዘመድ «እኛ 87 ነው የምንቀዳው» ቢል አይደንግጡ፤ የእነሱ 87 ከዚህኛው 91 ጋር ይቀራረባል። በእኛ ማደያ ደግሞ ቤንዚን ቤንዚን ነው፤ ምረጥ የሚል ቁጥር አይለጠፍበትም።

«ታዲያ ለምን ተንኳኳ?» አለ ልጁ።

«ሁለት ሰው ጭነህ ወደ ግዳን ደጋ ስትወጣ በስንተኛ ማርሽ ነው?»

ዝም አለ። በአራተኛ መሆኑን ከፊቱ ላይ ያነበብነው ይመስለኛል። ሙቀት፣ ጭነትና ያለ ቦታው የገባ ከባድ ማርሽ ጤነኛውንም ሞተር ያንኳኳሉ፤ ቆላው ደግሞ ከደጋው ይብሳል፣ አየሩ ሞቃትም ወፍራምም ነውና። ግን አራተኛው ማርሽ ብቻ አልነበረም። መካኒኩ ከሳልባትዮው ትንሽ ቀድቶ በነጭ ወረቀት ላይ ጠብ አደረገና ፀሐይ ላይ አኖረው። ንጹሕ ቤንዚን ተንኖ ምንም ሳይተው ይጠፋል። የእኛ ወረቀት ላይ ግን የቅባት ክብ ቀረ። ላምባ፣ ነጭ ጋዝ የምንለው፣ ተደባልቆበታል። የላምባ ኦክቴን እጅግ ዝቅተኛ ነው፤ ስለዚህ «95» ተብሎ በውድ የተገዛው ከማደያው በብዙ የወረደ ነበር። ቀለሙ ምንም አይነግርም። ቀለም ማንም ይጨምራል።

ልጁ ስለ ገንዘቡ ተናደደ። እኔ ያሰብኩት ሌላ ነበር፦ የቀረው የት ነው የተቀመጠው?

ቤት ስንመለስ አልጋው ሥር አገኘሁት። ዘጠኝ የሃይላንድ ፕላስቲክ፣ አራቱ ሙሉ፣ ከውሃው ፕላስቲክ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት። ምድጃው ደግሞ በዚያው ክፍል ውስጥ ነው። የሦስት ዓመቷ ልጅ ውሃ ሲጠማት ከየትኛው እንደምትጠጣ ማን ያውቃል?

ይህን የምለው ለማስፈራራት አይደለም፣ ስላየሁት ነው። በሥራ ዘመኔ ላምባና ቤንዚን የጠጡ ሕፃናት መጥተውልኛል። አንዱን ወንድ ልጅ አልረሳውም። አያቱ ደንግጠው ወተት ግተው፣ ጣት ከተው አስታውከውት ነበር። ያደረጉት በፍቅር ነው፤ የጎዳውም እሱ ነው። ቤንዚን በሆድ ውስጥ ካለው ይልቅ በትንታና በትውከት ወደ ሳንባ የሚገባው ነው የሚገድለው። ልጁ ሲመጣ ትንፋሹ ቶሎ ቶሎ ይል ነበር፤ ሌሊቱን ትኩሳት ያዘው፤ በሦስተኛው ቀን አረፈ። አያቱ እስከ ዛሬ ወተት ይጠጡ እንደሆነ አላውቅም።

ስለዚህ ልጅ ከጠጣ አታስታውኩት፣ ወተትም አትጋቱት። ልብሱ ላይ ከፈሰሰ አውልቁለት፣ ገላውን በውሃና በሳሙና እጠቡት፣ ወደ ጤና ተቋም ይዛችሁት ሩጡ። ካሳለው፣ ካንቋረረው ወይም ትንፋሹ ከፈጠነ አንድ ደቂቃም አይዘግይ። ደህና ቢመስልም ቢያንስ ለ6 ሰዓት ባለሙያ ይከታተለው። የጠጣበትን ዕቃም ይዛችሁ ሂዱ። በጎማ በአፋቸው እየሳቡ ቤንዚን የሚቀዱ ወጣቶችም አደጋቸው አንድ ነው፤ የእህቴ ልጅ ይህን ስናገር ወደ መሬት አየ።

በእኛ ዘመን ደግሞ ሌላ ነገር ነበር። ኦክቴኑን ከፍ ለማድረግ ቤንዚን ውስጥ እርሳስ ይጨመርበት ነበር፤ ይህ በ1921 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ የተገኘ ዘዴ ነው። እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ ነው። ከሰሐራ በታች ያሉ አገሮች በ2006 መባቻ አቆሙት፤ በዓለም የመጨረሻዋ አልጄሪያ ስትሆን ያቆመችው በ2021 ነው። እኛ በዚያ ቤንዚን የእጃችንን ግራሶ እየታጠብን ክትባት እንወጋ ነበር። የዛሬው እርሳስ ባይኖርበትም እጅ መታጠቢያ አይደለም።

በሦስተኛው ቀን ልጁ ሳልባትዮውን አስጠርጎ፣ ካንዴላ አስቀይሮ፣ ሌሊት 9 ሰዓት ተነስቶ ማደያ ተሰለፈ። ረፋድ ላይ ሞልቶ ሲመለስ ለብቻው አንድ ዙር ወደ ሮቢት ሄዶ መጣ። «አይንኳኳም» አለ። ከዚያ ሳቅ ብሎ «በሦስተኛ ነው የነዳሁት» አለኝ።

የተደባለቀውን መካኒኩ ዕቃ አጥብበታለሁ ብሎ ወሰደው። ባዶዎቹን ፕላስቲኮች እኔ ተረከብኩ። ደጃፍ ላይ ቁጭ ብዬ በቢላ ግርጌያቸውን አንድ በአንድ ቀደድኩ፤ ትንሿ አጠገቤ ተቀምጣ ክዳኖቹን ለመጫወቻ ትሰበስባለች። አስቀድሜ በሳሙና አጥቤላታለሁ። ቆጠርናቸው፤ ዘጠኝ።