የባሌስትራው ቢላዋ

ነገሩ የጀመረው በሽንኩርት ነው። ከፍራንክፈርት ዋና ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት በተዘረጋው በባንሆፍስፊርቴል፣ በአንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ጓዳ ውስጥ፣ በቀን አሥራ አምስት ኪሎ ሽንኩርት የሚከትፍ ሰው ነበር። ቢላዋው ሲዶለዱምበት እንደ ማንኛችንም ሲኒ ገልብጦ ቂጡ ላይ ያፋጨዋል። ለግማሽ ሰዓት ያህል ይቆርጥለታል፤ ከዚያ ተመልሶ ያው ነው። ዓይኑ እያነባ፣ አንጓው እያበጠ ሁለት ዓመት ሠራ።

በጓዳው የኋላ በር ሲጋራ ለማጨስ የሚወጣ፣ የጎረቤት ምግብ ቤት አብሳይ የሆነ ቬትናማዊ ነበር። አንድ ቀን ቢላዋውን ከእጁ ተቀብሎ ስለቱን በአውራ ጣቱ ዳበሰና ሳቀ። ከዚያ ገባ ብሎ ውሃ ውስጥ የተነከረ ጡብ የሚመስል ድንጋይ ይዞ ወጣ። ሁለቱም በማይችሉት ጀርመንኛ የሰጠው ትምህርት አሥር ደቂቃ አልፈጀም። የዶለዶመ ቢላዋ ሽንኩርት አይቆርጥም፣ ይጨፈልቃል፤ የተጨፈለቀ ሽንኩርት ደግሞ ዓይን የሚያቃጥለውን ጋዝ አብዝቶ ይለቃል። የሁለት ዓመቱ ዕንባ ግማሹ የቢላዋው ዕዳ ነበር ማለት ነው።

ድንጋዩ ቁጥር አለው። 1000 የሚባለው ስለት ያወጣል፣ 3000 ያለሰልሳል፣ 6000 ያብረቀርቃል። ቢላዋው ድንጋዩ ላይ የሚጋደምበት ማዕዘን ለጃፓን ሥራ ወደ 15 ዲግሪ፣ ለጀርመን ወደ 20 ዲግሪ ይጠጋል። ጀማሪ ማዕዘኑን መያዝ ሲያቅተው ስለቱን በማርከር ይቀባና ሁለት ሦስት ጊዜ ይስላል፤ ቀለሙ ከጫፉ ካልለቀቀ እጁ ተኝቷል፣ ከጫፉ ብቻ ከለቀቀ እጁ ቆሟል። ዋናው ምስጢር ግን በዓይን አይታይም። በአንድ ወገን ሲሳል ብረቱ ተገፍቶ በሌላው ወገን እንደ ፀጉር የቀጠነ ሸካራ ጠርዝ ያወጣል፣ እሱም በጣት ብቻ ነው የሚታወቀው። ያ ጠርዝ ከእጀታው እስከ ጫፉ ሳይወጣ ቢላዋውን የሚገለብጥ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ቢያፋጭ ስለት አያገኝም። አብዛኛው ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። እሱም ሁለት ሳምንት ፈጅቶበታል።

በሦስተኛው ሳምንት ቲማቲሙ በቢላዋው ክብደት ብቻ ለሁለት ተከፈለ። ከዚያ በኋላ ሰውዬውን የመለሰው የለም።

ቅዳሜ ጠዋት ማይን ወንዝ ዳር በሚዘረጋው የአሮጌ ዕቃ ገበያ ይዞር ጀመር። የመጀመሪያ ግዢው እጀታው የተሰነጠቀ፣ ዝገት የበላው የዞሊንገን ቢላዋ ነበር፣ በአራት ዩሮ። ቤት ወስዶ ዝገቱን አራግፎ ሲስለው ከሥሩ የወጣው ብረት አፉን አስከፈተው። ሁለተኛው መጣ፣ ሦስተኛው ተከተለ። ካርቦን የበዛበት ብረት ቶሎ እንደሚዝግ ግን ሲሳል እንደ ምላጭ እንደሚሆን፣ የጃፓኖቹ ጥንካሬ በሮክዌል መለኪያ ከ60 እንደሚያልፍ፣ የጀርመኖቹ ከ56 እስከ 58 እንደሚሆንና ጠንካራው ሲወድቅ ቶሎ እንደሚሸረፍ ተማረ። እውቀቱ ሲጨምር ዋጋውም ጨመረ። ሰብሳቢ መሆኑን ሰው የሚያውቀው ለሚስቱ ዋጋውን ግማሽ አድርጎ የነገራት ቀን ነው፤ እሱም የ280 ዩሮውን የጃፓን ቢላዋ «140» ብሎ ይዞ ገባ። በዚያ ወር ወደ አገር ቤት የላከው ገንዘብ ከወትሮው አነሰ።

ሚስቱ ደረሰችበት። «ሰው በዚህ ገንዘብ አገሩ ላይ ቤት ይሠራል፣ አንተ ቢላዋ ትደረድራለህ» አለችው። ልክ ነበረች፣ የሚመልሰው አጣ። ግን የቆረጠው ቀጥላ የተናገረችው ነው። እየሳቀች፣ ሳታስበው፣ «ጭራሽ ቀጥቃጭ ሆንክብኝ እኮ!» አለች።

እሱ አልሳቀም። የሰውዬው አያት ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ ባለ እጅ ነበሩ። ማረሻ፣ ማጭድ፣ መጥረቢያ፣ ቢላዋ ይቀጠቅጡ ነበር። አባቱ መሬት ስላገኙ አራሽ ሆኑ፣ ስለዚህ ለጠየቀው ሁሉ «የገበሬ ልጅ ነኝ» ሲል ውሸት አልነበረም። እውነቱ ግን ግማሽ ነበር። ያንን አካባቢ የሚያውቅ የቀረውን ግማሽ ያውቃል፦ ቀን ማረሻ ሊያስቀጠቅጥ በደጃቸው የሚሰለፈው ሰው ማታ በራፉን ሲዘጋ «ቡዳ ነው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል» ይላል። የእህቱ ሽማግሌዎች አንድ ጊዜ መጥተው፣ ዘር ቆጥረው፣ በዚያው ቀርተዋል። ለሚስቱ ቤተሰብ ሲያመለክት ይህን አልነገረም። ለእሷም አልነገራት።

አገሩ ራሱ በብረት ሥራ የታወቀ መሆኑ ነው ነገሩን የሚያስገርመው። አጼ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ያሠሩት እዚያው ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ ነው፤ ከአውሮፓ በመጡ ሚስዮናውያን ባለ እጆች፣ ከአገሬው ሠራተኞች ጋር። አጼ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። አዋጁ ተነገረ፣ ስድቡ ግን ከመቶ ዓመት በኋላም ፍራንክፈርት ድረስ በቀልድ መልክ ደረሰ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ እሑድ ወደ ዞሊንገን ሄደ፣ በባቡር ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ከተማው በስለት ይተዳደራል፤ «ዞሊንገን» የሚለው ስም ራሱ እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ በሕግ የተጠበቀ ነው፣ ሌላ ቦታ የተሠራ ቢላዋ ላይ መቅረጽ አይቻልም። ግሬፍራት በሚባለው ክፍሉ በቀድሞ ገዳም ውስጥ የስለት ሙዚየም አለ። በመስታወቱ ፊት እየተዘዋወረ ሳለ አገር ቤት በትልልቅ ሰዎች ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ያየው ጎራዴ ትዝ አለው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ለኢትዮጵያ ተብለው በዞሊንገን የተሠሩ ጎራዴዎች ነበሩ፤ የይሁዳ አንበሳና የአማርኛ ጽሑፍ ተቀርጾባቸዋል። ጀርመናዊ ቀጥቃጭ የሠራውን ጎራዴ የታጠቀ ጀግና ይባላል። ያንን ጎራዴ ሰገባ ውስጥ የሚያስገባለት፣ ሲሰበር የሚያበጅለት፣ እጀታ የሚገጥምለት የአገሩ ሰው ግን ጠይብ ነው። የዞሊንገን ሞራጆች ኑሮም ቢሆን የሚቀናበት አልነበረም። ውሃ የሚያዞረው ትልቅ የድንጋይ መሞረጃ ላይ ጎንበስ ብለው ሲውሉ የድንጋዩ ብናኝ ሳንባቸውን ይበላው ነበር። ብዙዎቹ በወጣትነታቸው ሞተዋል። ቢሆንም ከተማው ስማቸውን ሙዚየም ሠርቶበታል።

ነሐሴ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 በ23ኛው ቀን፣ በዚያው ከተማ 650ኛ ዓመት በዓል ላይ አንድ ሰው በቢላዋ ሦስት ሰዎች ገደለ። ተጠርጣሪው ጥገኝነት ጠያቂ ነበር። የውጭ አገር ሰው ቢላዋ ይዞ መታየቱ ከዚያ በፊትም ቀላል አልነበረም፣ ከዚያ በኋላ ጨርሶ ሌላ ሆነ። በባንሆፍስፊርቴል ደግሞ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 የጦር መሣሪያ ክልከላ ተጥሎ ነበር፤ በሐበሻ አቆጣጠር ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ድረስ ከ4 ሴንቲ ሜትር የበለጠ ስለት ይዞ መንገድ ላይ መገኘት ያስቀጣ ነበር። እሱ ከሥራ የሚወጣው በእኩለ ሌሊት ነው፣ የጓዳውን ቢላዋዎች ቤት ወስዶ መሳል ደግሞ ልማዱ ነበር። ቁልፍ ያለው ሳጥን ገዛ። አንድ ሌሊት ሁለት ፖሊሶች አስቆሙት፤ ከፈተ፣ አሳየ፣ አብሳይ መሆኑን ነገራቸው። ልብሱ ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸት ስለነበር ብዙም አልጠየቁትም። ያም ሆኖ ቤቱ እስኪደርስ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ ሌሊት ጀምሮ የሥራ ቢላዋ ከጓዳ አይወጣም። ድንጋዩን ራሱን ወደ ሥራ ወሰደው።

በዚህ መሐል ከአገር ቤት የሚመጣ ዘመድ ተገኘና አባቱ በሻንጣ አንድ ዕቃ ላኩለት። በአሮጌ ነጠላ የተጠቀለለ ነበር። ስለ ስብስቡ በስልክ ሲያወራላቸው ዝም ብለው ሲሰሙ የከረሙት አባት ልከውት የነበረው የአያቱን ቢላዋ ነው። ብረቱ ከመኪና ባሌስትራ የተቆረጠ ነው፤ እስከ ዛሬ ብዙ የአገራችን ባለ እጅ፣ መርካቶ ምናለሽ ተራ ያለው ሳይቀር፣ ይህንኑ ብረት ይፈልገዋል፣ ሲሞቅ ይታዘዛል፣ ሲነከር ይጠነክራል። እጀታው ቀንድ ነው። ማኅተም የለውም፣ ስም የለውም።

ያን ምሽት ሚስቱ ሳሎን ተቀምጣ ሳለ ድንጋዩን ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋ። ማርከር ቀባና ሳለ። ቀለሙ በአንዱ ወገን ወዲያው ለቀቀ፣ በሌላው ወገን አልነካውም። ደግሞ ሞከረ፣ ያው ሆነ። ቢላዋው ዕድሜውን ሙሉ በአንድ ወገን በርትቶ የተሳለ ነበር፣ ያውም ቀኝ እጅ በሚበረታበት ወገን አይደለም። ስልኩን አንስቶ ደወለ። ትንሽ አሰበና ድምፁን በስፒከር አደረገው።

«አባዬ፣ አያቴ ግራኝ ነበሩ እንዴ?»

መስመሩ ለጥቂት ጊዜ ጭር አለ። «ማን ነገረህ?» አሉ አባቱ። «አዎ፣ ግራኝ ነበሩ። መዶሻውን በግራቸው ነበር የሚይዙት። እኔ ወናፉን ስነፋ ፍንጣሪው በዚያ በኩል ስለሚመጣ ተቃጥዬ ነው ያደግሁ።» ከዚያ ስለ ወናፉ፣ ስለ ከሰሉ፣ ብረቱ ምን ዓይነት ቀይ ሲሆን ውሃ ውስጥ እንደሚገባ አንድ ሰዓት ያህል አወሩ። ስለዚህ ነገር ሃያ ዓመት አውርተው አያውቁም። ሳሎን ውስጥ ቴሌቪዥኑ ጠፍቶ ነበር።

ሚስቱ ሦስት ቀን ስለ ነገሩ አላነሳችም። ሰላምታዋ ያው ነው፣ ምግቡም ያው ነው፣ እሱ ግን ሦስቱንም ሌሊት አልተኛም። በአራተኛው ቀን ከሥራ ሲመለስ ድንጋዩ አጠገብ የልብስ መቀሷ ተቀምጦ አገኘ።

መቀስ እንደ ቢላዋ አይሳልም። የውጭው ጠርዝ ብቻ ነው የሚነካው፣ ሁለቱ ስለቶች የሚፋተጉበት ጠፍጣፋው ወገን ከተነካ መቀሱ ተበላሸ ማለት ነው። ይህን ስለማያውቅ በማግስቱ በኋለኛው በር ቬትናማዊው ሲጋራውን ለኩሶ እስኪወጣ ድረስ ቆሞ ጠበቀው።