ቅዳሜ ጠዋት የሚሰማው ተኩስ

እናቴ ከጎንደር መጥታ እኛ ጋ የከረመች ጊዜ፣ የመጀመሪያው ቅዳሜ ጠዋት ቡና ስትቆላ ተኩስ ሰማች። ቡናውን እሳቱ ላይ ትታ ልጄን ከመስኮቱ ሥር አፈፍ አድርጋ ወደ ጓዳ ገባች። "አይዞሽ እማዬ፣ ዒላማ የሚለማመዱ ሰዎች ናቸው" አልኳት። እሷ ግን ልጁን እቅፍ አድርጋ ቆየች። ቡናው አረረ።

ከአሌክሳንድሪያ ወጣ ብለን እዚሁ ቨርጂኒያ ቤቱን ስንገዛ አሻሻጩ ያሳየን ማክሰኞ ነበር። ማክሰኞ የወፍ ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው።

ተናድጄ ሕጉን አገላበጥኩ። የቨርጂኒያ ሕግ ቁጥር 15.2-917 እንደሚለው፣ አንድ የስፖርት ተኩስ ሜዳ የሚዳኘው ፈቃድ ባገኘበት ወይም ለፈቃዱ ባመለከተበት ጊዜ በነበረው የድምፅ ደንብ ነው። ካውንቲው ከዚያ ወዲህ ጠበቅ ያለ ደንብ ቢያወጣ እሱን አይነካውም። ንዴቴ ሲበርድልኝ ይህ ፍትሐዊ መሰለኝ። ሰዎቹ ልጆቻቸውን እዚያ ሲያስተምሩ የእኛ ሰፈር የበቆሎ ማሳ ነበር። ኋላ መጥተን ዝጉ ልንላቸው አይገባም።

የሚያሳስበኝ አዲስ የሚከፈተው ነው። በድምፅ ጉዳይ ነዋሪው ሰሚ የሚያገኘው ፈቃዱ ከመሰጠቱ በፊት ነው ማለት ነው። የጠመንጃ ተኩስ እዚያው አፈሙዙ አጠገብ ሲለካ ብዙውን ጊዜ ከ140 ዴሲቤል ይበልጣል፤ ግን ቅጽበት ስለሆነ በሰዓት አማካይ ሲሰላ ትንሽ ይመስላል። እናቴን ያስደነገጣት አማካዩ አይደለም። ስለዚህ የሚተኮስበት ቀንና ሰዓት፣ የአፈር ግድቡ ከፍታ፣ ከመኖሪያ ቤት ያለው ርቀት ቀድሞ በፈቃዱ ላይ መጻፍ አለበት። እርሳሱም አለ። ከጥይቱ የሚቀረው እርሳስ አሲድ በበዛበት አፈር እየሟሟ ወደ ውሃ ሊወርድ ይችላል፤ ለዚህ ነው ኖራ የሚበተነው፣ እርሳሱም በየጊዜው የሚለቀመው። ማን፣ መቼ እንደሚለቅም ካልተጻፈ፣ ኋላ ማንን እንጠይቃለን?

ስለ ፈቃዱ ነዋሪው የሚናገርበት የካውንቲው ስብሰባ የሚጠራው ማታ ነው። እኛ ደግሞ ማታ ሥራ ላይ ነን፣ ወይም "የፈረንጆቹ ጉዳይ ነው" ብለን እንተወዋለን። ባለፈው ወር ስለ አንድ አዲስ ሜዳ በተጠራው ላይ ተገኘሁ። ከሐበሻ እኔ ብቻ ነበርኩ። ሦስት ደቂቃ ሰጡኝ፤ እሁድ ጠዋት እንዳይተኮስ፣ የእርሳሱም ነገር በጽሑፍ እንዲሰፍር ጠየቅኩ። ከተኳሾቹ አንዱ፣ ሸምገል ያለ ሰው፣ ሲወጣ ጨብጦኝ "የእሁዱ ይሁን፣ እኔም ቤተ ክርስቲያን ነኝ" አለኝ።

የካውንቲው ቦርድ ገና ድምፅ አልሰጠም። ለቀጣዩ ስብሰባ ባለቤቴ ፈረቃዋን ቀይራለች።