ያልተመለሰ ፍሬቻ

ሰው አሳቡን ለሰው በአንደበቱ ይገልጻል። መኪና ግን አንደበት የላትም፤ ወዴት ልትታጠፍ እንዳሰበች ለመንገደኛው የምታስታውቀው በፍሬቻዋ ነው። ፍሬቻ የሚለው ቃል ከኢጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው ቀስት ማለት ነው። በአማርኛም በትግርኛም አንድ ሆኖ ስለሚነገር፥ እኛ አማርኛ በምንማርበት ዘመን ሳንደክም ካገኘናቸው ቃላት አንዱ ይህ ነበረ። ዳሩ ግን ቃሉን ማወቅ ሌላ፥ ነገሩን ማወቅ ሌላ መሆኑን የተረዳነው ብዙ ዘመን ቆይቶ፥ በሐርጌሳ ከተማ ኮድቡር በሚባለው ሰፈር ነው።

በዚያ ከተማ በሥራ ላይ የሚኖር አንድ የቀድሞ የትምህርት ቤት ጓደኛችንን በዕረፍት ጊዜያችን ልንጠይቅ ሄደን ነበር። ሐርጌሳን የሚጎበኝ ሰው አስቀድሞ የሚደነቅበት የመኪናዎቹ ነገር ነው። በሶማሊላንድ የሚነዳው እንደ እኛ አገር ቀኝ ተይዞ ነው። ከመኪናዎቹ የሚበዙት ግን በጃፓን አገር ለግራ መንገድ የተሠሩና ካገለገሉ በኋላ በበርበራ ወደብ የሚገቡ ስለሆኑ፥ መሪያቸው በስተቀኝ ነው። ስለዚህ ሹፌሩ የሚቀመጠው በመንገዱ ዳር በኩል ነው፤ ከፊቱ ያለውን የጭነት መኪና ቀድሞ ሊያልፍ በፈለገ ጊዜ ከማዶ የሚመጣውን ማየት ስለማይሆንለት፥ በግራው የተቀመጠውን ሰው ዓይን ይዋሳል። በእኛም አገር እስከ 1956 ዓ.ም. ድረስ የሚነዳው ግራ ተይዞ ነበር፤ ከዚያ ዓመት ሰኔ 1 ቀን ጀምሮ ግን ወደ ቀኝ ተዛወረ። ስዊድን ይህንኑ ያደረገችው ከእኛ ሦስት ዓመት ዘግይታ፥ እ.ኤ.አ. በ1967 ነው።

የወዳጃችን መኪና መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረላት ነበረች። ለዚህም ሥራ የመሪው ዘንግ ከአንድ መኪና፥ የፍሬቻው እጀታ ከሌላ መኪና ተወስዶ እንደተገጠመላት ሰምተናል። በጃፓን መኪናዎች የፍሬቻው እጀታ ከመሪው በስተቀኝ፥ የዝናብ መጥረጊያው በስተግራ ነው፤ በአውሮፓ መኪናዎች ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ወዳጃችን የለመደው የአውሮፓውን ስለነበረ፥ ሊታጠፍ ባሰበ ቍጥር በጠራራ ፀሐይ መስተዋቱን ያስጠርግ ነበር፤ ልጆቹም ይሥቁበት ነበር።

ይህ እንኳ በልምድ የሚቀና ነገር ነው። መኪናዪቱ ሌላም ጉድለት ነበረባት፤ ይኸውም ቀጥ ብላ ስትሄድ መሪው ወደ ግራ ተጣሞ መታየቱ ነው። እኛም ልጅ ሳለን በሚሲዮን ትምህርት ቤት የእጅ ሥራ ስለተማርን፥ መፍቻ ባየን ጊዜ እጃችን አያርፍም። «ይህማ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው» አልነው። ባለቤቱ ግን «ጋሼ፥ ልጆች የሚሄዱባት መኪና ናት፤ ባለሙያ ቢያያት አይሻልም?» ብላ ነበር። እኛም ፈገግ ብለን ነገሩን አለፍነው።

መሪውን ፈትተን ስበን አወጣነው፤ ሁለት ጥርስ ያህል አዙረን መለስነውና አጠበቅነው። ፍሬቻውንም ወደ ግራና ወደ ቀኝ ብናደርገው የፊቱም የኋላውም መብራት ብልጭ ድርግም አለ። በግቢ ውስጥ ቆመን ይህን ስላየን፥ ሥራው ተፈጸመ ብለን እጃችንን ታጠብን።

በማግሥቱ ጧት ወዳጃችን ልጆቹን ወደ ትምህርት ቤት ሲያደርስ እኛም አብረን ሄድን። መሪው ቀንቶ ስለታየ ደስ ብሎን ነበር። ወደ ዋናው መንገድ በቀኝ ታጠፈ፤ ፍሬቻው ግን እንደ ወትሮው ወደ ቦታው አልተመለሰም። ልጆቹ ይንጫጩ ስለነበረ ቀጭ ቀጭ የሚለውን ድምፅ ማንም አልሰማም። ጥቂት እንደሄድን፥ በስተቀኝ ካለው የውስጥ መንገድ ለመውጣት የቆመች አንዲት ትንሽ ታክሲ ፍሬቻችንን አይታ ወደ እርሷ የምንታጠፍ ስለመሰላት ወጣች። ወዳጃችን ፍሬኑን ረገጠ። ሁለቱ መኪናዎች በክንድ ያህል ርቀት ተፋጠው ቆሙ። የወዳጃችን ታናሺቱ ልጅ ግንባሯ ከፊተኛው ወንበር ጋር ተጋጨ፤ በታክሲዋም ውስጥ አንዲት እናት ለገበያ የያዙት የግመል ወተት ፈሰሰ።

ወዳጃችን ወርዶ ይቅርታ ጠየቀ፥ የወተቱንም ዋጋ ከፈለ። «ፍሬቻውን ሳልመልስ የረሳሁት እኔ ነኝ» እያለ ራሱን ይወቅስ ነበር። እኛ ግን በዚያች ሰዓት ዝም አልን። ዛሬ አብዝቶ የሚያሳፍረን ያ ዝምታ ነው።

ከዚያም በኮድቡር ወዳለ አንድ መካኒክ ዘንድ ሄድን። ሰውዬው በ1980 ዓ.ም. ሐርጌሳ በአውሮፕላን በተደበደበች ጊዜ ገና ልጅ ሳለ ከወላጆቹ ጋር ተሰድዶ፥ በጅግጅጋ አጠገብ ሐርተሼክ በተባለው የስደተኞች ሰፈር ያደገ ስለሆነ አማርኛ ያውቃል። መኪናዪቱን ጥቂት ነድቶ ከተመለሰ በኋላ «በቅርቡ መሪውን የፈታ ሰው አለ?» ሲል ጠየቀ። ወዳጃችን ክብራችንን ለመጠበቅ ብሎ መሬት መሬት አየ። እኛም «የፈታነው እኛ ነን» አልን።

«ከመፍታትዎ በፊት ምልክት አድርገው ነበር?»

«አላደረግንም።»

በሚሲዮን ትምህርት ቤት የእጅ ሥራ መምህራችን አስቀድሞ ያስተማረን ትምህርት ይኸው ነበር፤ ማንኛውም ነገር ከመፈታቱ በፊት ምልክት ይደረግበት ይል ነበር።

መካኒኩ ሳይቈጣ ነገሩን አስረዳን። ሹፌሩ ታጥፎ መሪውን ወደ ቦታው ሲመልስ ፍሬቻው በራሱ የሚጠፋው፥ ከመሪው ጋር አብሮ የሚዞር አንድ ትንሽ ቀለበት የፍሬቻውን እጀታ ገፍቶ ወደ መካከል ስለሚመልሰው ነው። እኛ መሪውን ስንገጥም ከቀለበቱ ጋር ሳናገናኝ በጉልበት ስላጠበቅነው፥ ከቀለበቱ ጥርሶች አንዱ ተሰብሮ ነበር። መሪው ሲዞር ቀለበቱ አብሮ አይዞርም፤ መብራቱ ግን ስለሚሠራ ቆሞ ለሚያይ ሰው ሁሉም ደኅና ይመስላል።

ከዚህም የባሰ ነገር ነገረን። መሪውን ከግራ ጥግ እስከ ቀኝ ጥግ አዙሮ ዙሩን ቈጠረ፥ ለሁለትም ከፈለው። በዚህ ዓይነት እውነተኛው መካከል ሲገኝ፥ መሪው ከመጀመሪያው ቀጥ ብሎ ተገጥሞ እንደነበረ ታወቀ። ጠማማነቱ የመጣው ከታች ጎማዎቹን የሚይዙት ዘንጎች በልክ ስላልተስተካከሉ ነበር። እኛ በሽታውን ሳንነካ ምልክቱን ብቻ ሸፍነን ኖሯል። መካኒኩም የባትሪውን ሽቦ ፈትቶ፥ ከአሮጌ ዕቃ መካከል ደኅና ቀለበት መርጦ ቀየረ፤ መሪውን ወደ ቀድሞ ቦታው መለሰ፥ ዘንጎቹንም አስተካከለ። በመጨረሻም በግቢ ሳይሆን በመንገድ ላይ ነድቶ፥ ሁለት ጊዜ ወደ ግራ ሁለት ጊዜ ወደ ቀኝ ታጥፎ ፈተነው።

መኪና ያላችሁ አንባቢያን ይህን ልብ በሉ። በመሪው ውስጥ የአየር ከረጢት ያለበት መኪና ከሆነ፥ ባለሙያ ያልሆነ ሰው ፈጽሞ አይንካው፤ ሳይታሰብ ቢፈነዳ ሰውን ሊጎዳ ይችላል። ፍሬቻ በደንቡ በደቂቃ ከ60 እስከ 120 ጊዜ ብልጭ ይላል፤ ከልማዱ ይልቅ ቢፈጥን፥ ብዙ ጊዜ ከአምፖሎቹ አንዱ መቃጠሉን ያመለክታልና ወርዶ መመልከት ይገባል።

በዚያው ምሽት ለወዳጃችን ባለቤት ጥፋቱ የማን እንደሆነ ራሳችን ነገርናት። እርሷም የልጅቱን ግንባር በቅቤ እያሸች «የልጅ ግንባር ይድናል፤ ከእርስዎ አፍ መስማታችን ደግ ሆነ፥ ከመካኒኩ ብንሰማው ኖሮ ግን ቅር ይለን ነበር» አለችን። እኛም ይህን ቃል ከግሣጼ ቈጠርነው።

ታናሺቱ ልጅ ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቷ በታጠፈ ቍጥር ከኋላ ወንበር ሆና «ፍሬቻ!» እያለች ትጮኻለች። እኛም ወደ አገራችን ተመልሰን በመሥሪያ ቤታችን ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጥን ወዲህ፥ የልጅቱ ድምፅ ብዙ ጊዜ ይሰማናል። «ነገ እንፈጽምልዎታለን» ብለን ያሰናበትነው ባለጉዳይ የእኛን ምልክት አምኖ መንገዱን ጀምሯልና። ምልክት ያሳየ ሰው አሳቡን ይፈጽም፤ አሳቡን ከለወጠም ምልክቱን ይመልስ።