የቴክሳስ ጭቃማ ጅረት

ጠዋት ቡና እየቆላሁ የኤልቪስ ፕሪስሊን «ጂ.አይ. ብሉዝ» ከፈትኩት፤ እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣው ፊልም መጠሪያ ዘፈን ነው። ጀርመን የሰፈረ አሜሪካዊ ወታደር ያን የሚያምር የራይን ወንዝ ፊት ለፊቱ እያየ፣ የሚናፍቀው የቴክሳስን ጭቃማ ጅረት ነው! ከበሮው የሰልፍ እርምጃ ይመታል፤ ሳላስበው እግሬም ግራ ቀኝ ማለት ጀመረ። እንዴት ደስ የሚል ዘፈን ነው።

ኤልቪስ ራሱ እዚያው ጀርመን፣ ፍሪድበርግ፣ ታንከኛ ጦር ውስጥ አገልግሏል። ሊሄድ ሳምንታት ሲቀሩት፣ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1958፣ እናቱን ቀበረ። ዘፈኑን የዘፈነው አገልግሎቱን ጨርሶ ከተመለሰ በኋላ ነው። ይህን ሳስብ ያ ሳቂታ ድምፁ አንጀቴን ይበላኛል። ቡናው ሲፈላ ለሦስተኛ ጊዜ እየሰማሁት ነበር።