ትልቅ ቁጥር ሁሉ ጥራት አይደለም

ያለሁት ጂዛን፣ አሐድ አል-መሳርሐ ነው። ስልኬን ማታ ማታ ማዳም ትይዘዋለች። ክፍሌ ውስጥ ግን አሮጌ ቴሌቪዥንና ዲቪዲ ማጫወቻ አለ፤ እሱን ማንም አይነካብኝም። ስለዚህ ከሐይቅ የሚላክልኝን ቪዲዮ፣ ገበያ ስንወጣ ኮምፒውተር ቤት ዲስክ ላይ አስገለብጣለሁ።

ልጁ ሁልጊዜ «ሪዞሉሽኑ ስንት ይሁን?» ይለኛል። ሪዞሉሽን ማለት ምስሉ ወደ ጎንና ወደ ታች ስንት ነጥብ አለው ማለት ነው። ፓል በሚባለው፣ አገራችንም በሚሠራበት ዓይነት፣ የዲቪዲ ትልቁ 720 በ576 ነው። 352 በ288 ደግሞ የድሮው ቪሲዲ መጠን ነው፤ ነጥቡ የትልቁን ሩብ ያህል ነው። ዲቪዲ ላይ ሁለቱም ይሄዳሉ።

ብዙ ሰው ትልቁን አድርግልኝ ይላል። እኔ መጀመሪያ ፋይሉ ራሱ ስንት እንደሆነ አስከፍቼ አያለሁ። እማዬ ከማረፏ በፊት ቡና ስታፈላ እህቴ ቀርጻት ነበር። ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር ተጨምቆ 320 በ240 ሆኖ ነው የደረሰኝ። እሱን 720 ላይ ብትዘረጊው የጠፋው ነጥብ አይመለስም። ሽሮ ላይ ውሃ እንደመጨመር ነው፤ ድስቱ ይሞላል እንጂ ሽሮው ያው ነው። በ352 አሠራሁት። ፊቷ ትንሽ ይደበዝዛል፤ ሲኒ ስትደረድር ግን እጇ ይታያል፣ ድምጿም አለ።

የእህቴ ሠርግ ግን በጥሩ ካሜራ የተቀረጸ ስለሆነ 720 ይገባዋል። እዚያ ላይ ጣጣው ርዝመቱ ነው። 4.7 ጊጋባይት ዲስክ በጥራት የሚይዘው ሁለት ሰዓት ያህል ነው። ከነመልሱ አምስት ሰዓት አንድ ዲስክ ላይ ከታጨቀ፣ ጭፈራው ሲደምቅ የሰው ፊት አራት ማዕዘን እየሆነ ይቆራረጣል። ሦስት ዲስክ ይሁን በሉ፤ ባዶ ዲስክ ውድ አይደለም።

ስልክ አቁመው የቀረጹትን ደግሞ «ሳትለጥጥ፣ ጎንና ጎኑ ጥቁር ይሁን» በሉት። አለበለዚያ ቀጭኗ እህታችሁ ወፍራም ሆና ትመጣለች!

የእማዬ ዋናው ፋይል የነበረበት ስልክ ተሸጧል። የእናንተ ሰዎች ስልክ ከመሸጣቸው በፊት ቪዲዮውን በዋትሳፕ እንደ ዶክመንት አድርገው ይላኩላችሁ፤ እንደዚያ ሲላክ አይጨመቅም።