የድልድዩ ዕዳ

የቀድሞ ተማሪዎቼ ይህን ስታነቡ እንደምትስቁ አውቃለሁ። ስትኮራረጁ ወረቀት እነጥቃችሁ የነበርኩት ሰውዬ ስምንት ወር ሙሉ የድልድይ ክፍያ ሳልከፍል ቁጭ ብዬ ነበር።

ባለፈው ሐምሌ ከሜሪላንድ ተነስቼ ወደ ሰሜን ለሠርግ ሄድኩ። መኪናዋ አዲስ ስለሆነች ታርጋዋን ኢዚፓስ አካውንቴ ላይ አላስመዘገብኩም ነበር። ድሮ ዳስ ውስጥ ሰው ተቀምጦ ይቀበል ነበር፤ አሁን በብዙ ቦታ ካሜራ ታርጋህን ያነሳል፣ አንተም ታልፋለህ። ከዚያ የታርጋውን ባለቤት አድራሻ ከስቴቱ ይጠይቁና ቢሉን በፖስታ ይልካሉ። ሦስት ቦታ አልፌ 38 ዶላር መጣብኝ።

ቅዳሜ ቡና ላይ ለጓደኞቼ ባሳያቸው አንዱ ሳቀብኝ። «የሌላ ስቴት ነው እኮ! ምን ሊያመጡብህ? ጣለው።»

ያለው ነገር ከሞላ ጎደል እውነት ነው። ስቴቶች የራሳቸው ነዋሪ ቶል ሳይከፍል ሲቀር የመኪናውን ምዝገባ እንዳያድስ ሊያግዱት ይችላሉ። የሜሪላንድ ታርጋ ግን በሜሪላንድ እጅ ነው፤ ሁለቱ ስቴቶች ካልተስማሙ የአንዱ ዕዳ ሌላው መስኮት ላይ አይታይም። ማሳቹሴትስ፣ ኒው ሃምፕሻየርና ሜይን እንዲህ ያለ ስምምነት አላቸው፤ እዚያ ዕዳው ቤትህ ድረስ ይከተልሃል። የፌዴራሉ መንግሥትም በ2012 ባወጣው ሕግ የቶል መሣሪያዎች በመላ አገሪቱ እንዲግባቡ እስከ 2016 ቀን ቆርጦ ነበር። ያም በቀኑ አልደረሰም። ደግሞስ መሣሪያ የሚጠቅመው መክፈል ለሚፈልግ ሰው አይደል?

ጣልኩት። ሁለተኛው ደብዳቤ ለእያንዳንዷ ማለፊያ 50 ዶላር ቅጣት ጨምሮ መጣ፤ 38ቷ 188 ሆነች። ተናደድኩ። እስከዚያ ቀን ያልከፈልኩት በስንፍና ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን «ይሄ ዘረፋ ነው፣ አልከፍልም» የምል ባለ አቋም ሆንኩ። ንዴቱ ጥሩ መሸሸጊያ ሆነልኝ። መጋቢት ላይ ምዝገባዬን ሳድስ ማንም ምንም አላለኝም።

በዚያው ሰሞን አዳማ ያስተማርኩት ልጅ ደወለ። እዚህ ትራክ ይነዳል። እንደ ቀልድ ነገርኩት። እሱ አልሳቀም።

«ቲቸር፣ የአዲስ አበባ–አዳማን ፈጣን መንገድ ያስታውሳሉ? ሲገቡ ካርድ ይወስዳሉ፣ ሲወጡ ይከፍላሉ።»

«አዎ።»

«ሳይከፍሉ ወጥተው ያውቃሉ?»

«እንዴት አድርጌ? ማገጃው አይነሳማ!»

«እሱን ነው የምልዎት።»

ምን እንደምመልስለት ጠፋኝ። ልጁ ትራኩን ይዞ ስንት ስቴት ያቋርጣል፣ ለሁሉም ይከፍላል። እኔ ማገጃ ስለሌለ ብቻ ነጻ ነኝ ብያለሁ።

በማግስቱ ደወልኩ። ስልክ ላይ ብዙ አስጠበቁኝ፣ ሙዚቃው ያስለቅሳል። መጨረሻ ላይ ያነሳችው ሴትዮ የመጀመሪያ ጥፋትህ ነው ብላ ከሦስቱ ቅጣት ሁለቱን ሰረዘችልኝ። 88 ዶላር ከፈልኩ።

አሁን ሲያስቡት የእነዚያ የሦስቱ ስቴቶች ዓይነት ስምምነት ቢስፋፋ አልጠላም፤ እኔን ራሴን ይይዘኝ የነበረ ቢሆንም። የድልድዩ ጥገና ለአገሬው ሰው ብቻ የሚቀርበት ምክንያት አይታየኝም። ግን አንድ ነገር ይጨነቀኛል። የእኛ ሰው አፓርታማ ቶሎ ቶሎ ይቀይራል፤ የመጀመሪያው ቢል አሮጌ አድራሻ ይሄድና ሰውየው ዕዳውን የሚሰማው ኮሌክሽን ሲደውልለት ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ከእኔ ጋር እኩል ምዝገባውን ማገድ ግፍ ነው። እኔ ቢሉን በእጄ ይዤ ነው የጣልኩት። መጀመሪያ ደብዳቤው መድረሱን ያረጋግጡ፣ ቅጣቱም የክፍያውን አራት እጥፍ አይሁን።

አዲስ መኪና የገዛችሁ፣ ታርጋችሁ አካውንታችሁ ላይ መግባቱን ዛሬውኑ እዩ። «ጣለው» ያለኝ ወዳጄም ይህን ማንበቡ አይቀርም፤ የቅዳሜው ቡና በእሱ ነው።