ሳይለካ ፋሻ አይገዛም

ሞተር ሲወርድ የመኪና ባለቤት መጀመሪያ የሚጠይቀው "ስንት ይፈጃል?" ብሎ ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው። ግን ሞተሩ ተፈትቶ፣ ታጥቦና ተለክቶ እስኪታይ ድረስ ትክክለኛውን መልስ የሚሰጥ ሰው የለም ባይ ነኝ። ይህን የምለው ለተግባር ልምምድ በወጣሁበት ጋራዥ ካየሁት ተነስቼ ነው።

መኪናው ባለ 2ኤል ናፍጣ ሞተር የቶዮታ ሚኒባስ ነበር። ዘይት ይበላል፣ ሰማያዊ ጭስ ያጨሳል፣ ዳገት ላይ አቅም የለውም። ባለቤቱ ራሳቸው እየነዱ ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ሰው ናቸው። "ልጄ፣ ይሄ የዕቁብ ብር ነው፤ ሌላ ተራ የለኝም። ፋሻ ብቻ ቀይሩልኝና ልሂድ" አሉኝ። እውነት ለመናገር አሳዘኑኝ።

አለቃችን ግን ምንም ሳይገዛ በፊት ለኩ አለን። የ2ኤል ሲሊንደር ስታንዳርድ ዲያሜትር 92.00 ሚሊ ሜትር ነው። በቦር ጌጅ ስንለካ ሦስተኛው ሲሊንደር ከላይ 92.28 ሆኖ ተገኘ፤ ከታች ግን ብዙም አልተበላም። ዲያሜትሩ በ0.28 ሲሰፋ ዙሪያው በ3.14 ተባዝቶ 0.88 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሰፋል። እዚያ ውስጥ አዲስ ስታንዳርድ ፋሻ ቢገባ፣ ፒስቶኑ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር የፋሻው አፍ ያን ያህል ይከፈታል ማለት ነው። ታዲያ ጭሱ የት ይሄዳል? በጥቂት ወራት ሞተሩ እንደገና መውረዱ ነው።

ስለዚህ ወደ ሬቲፊካ ተላከ። የተበላው አንዱ ቢሆንም አራቱም ሲሊንደሮች ወደ 92.50 እንዲሰፉ ተወሰነ፤ ፒስቶን የሚገዛው በሙሉ ሴት ነው፣ ክብደቱም እኩል መሆን አለበት። ይህ ወጪውን ጨመረ።

ልኬት ግን ወጪ ብቻ አያመጣም። ክራንክሻፍቱ አራት የቤላና አምስት የሜይን፣ በድምሩ ዘጠኝ ጆርናል አለው። "ከወረደ አይቀር ይገረድ" ያሉ ነበሩ። በማይክሮሜትር ሲለካ ሁሉም በገደቡ ውስጥ ነበሩ። ፖሊሽ ብቻ ተደርጎ በስታንዳርድ ብሮንዚና ተገጠመ። ከዚህ የተረፈው ብር ለፒስቶኑ ዋለ።

የመለዋወጫ ዋጋ በምንዛሪ እንደሚናጥ ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በእንዲህ ያለ ጊዜ በግምት የተገዛ ፒስቶን ሳይሆን ቢቀር ኪሳራው የባለቤቱ ነው።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉን እንያዝ፦ መጀመሪያ መለካት፣ ቀጥሎ የፒስቶኑን ሳይዝ ወስኖ መግዛት፣ ከዚያ ፒስቶኑን ይዞ ሬቲፊካ መሄድ። ባለሙያው ሲሊንደሩን የሚያሰፋው በእጁ ባለው ፒስቶን ልክ ነውና። ቴስታታውም ሳይዘነጋ በቀጥ ማስመሪያና በፊለር ጌጅ ይታይ፤ የተጣመመ ቴስታታ አዲስ ጓርኒሲዮን ያቃጥላል።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ? የእኛ ሙያ ቅጠሉ ማይክሮሜትር ነው። ነገ ጋራዥ ስንከፍት የሰው የዕቁብ ብር በእጃችን ይገባል። ባለቤቱ ቢቸኩልም እኛ አንቸኩል።

ቸር ይግጠመን!